በሜዳ መሸነፍ ለምን ይበልጥ ያንገበግባል?

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ቡድናችን ከሜዳው ውጪ ሲሸነፍ ቶሎ ይረሳል፤ በሕዝቡ ፊት ሲረታ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ለምን? ንዴቱስ በምን ይበርዳል? (አንድ ደጋፊ፣ ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ ቁጭትን የሚያከብደው ከውጤቱ ይልቅ ቀድሞ የተጠበቀው ነገር ነው፤ በሜዳ ደግሞ ድል ይጠበቃል።

በጥር 1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎች አሸነፈች። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ግን ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ረታቻት። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው ጨዋታ በኃይሉ አሰፋ ናይጄሪያ ላይ ቀድሞ አገባ። ኢማኑኤል ኢመኒኬ አቻ አደረገ፤ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ። ናይጄሪያ ከሜዳዋ ውጪ ሁለት ግብ ስላስቆጠረች፣ ዋልያዎቹ በመልሱ ጨዋታ ካላባር ላይ 1 ለ 0 ቢያሸንፉ እንኳ አያልፉም ነበር። እዚያም 2 ለ 0 ተሸነፉ።

ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድ እና ጎርደን ዳል እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካን ፉትቦል ያሸንፋል የተባለ የአካባቢው ቡድን ሲሸነፍ ወንዶች በትዳር አጋሮቻቸው ላይ የሚያደርሱት ጥቃት በ10 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል። ጨዋታው ተቀራራቢ ይሆናል ተብሎ ሲገመት ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም።

ስለዚህ ንዴቱ ቤት ሳይገባ ይውጣ። ከዲኤስቲቪ ቤት ሲወጡ ከጓደኛ ጋር በእግር እየሄዱ ስለ ተጫዋች ቅያሪው መከራከር ይረዳል። መጠጥ ማብዛትና ያችን ፍጹም ቅጣት ምት በስልክ እየደጋገሙ ማየት ግን ያባብሰዋል።