ክንድዎን ይስጡኝ

ስካርቦሮ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የነርስነት ልምምድ ላይ ሳለሁ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት የደም ግፊታቸውን እንዳልለካ ከለከሉኝ። በቋንቋቸው እያናገርኳቸው እምቢ ማለታቸው አናደደኝ። መዝገቡ ላይ «አልፈቀዱም» ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ስለ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ አነበብኩ። እኔ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ እኚህን የካቶሊክ ቅዱስ አላውቃቸውም ነበር። በ1800 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ተወልደው፣ ናፖሊ ኮሌራ ሲገባ በሽተኞችን አስታመዋል። በ1839 ዓድዋ ገቡ።

እዚያ የጠበቃቸው ጥርጣሬ ነበር። ምክንያትም ነበረው፦ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሲያስገቡ ብዙ ደም ፈሷል፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተዋል። ቅዱሱ ጥርጣሬውን እንደ ድንቁርና አልቆጠሩትም። የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፤ ቋንቋውን ተማሩ፤ የግዕዙን ሥርዓት አከበሩ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ እንዲያመጡ የላኳቸውን መልእክተኞች አጅበው ሄዱ፤ የሚመጣው የኦርቶዶክስ ጳጳስ እንደሆነ እያወቁ። ትሕትና ግን በሩን ሁሉ አልከፈተላቸውም፤ ኋላ ታስረዋል፣ ተሰደዋል። በ1860 አረፉ፤ ቅድስናቸው የታወጀው በ1975 ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኚያን እናት እምቢታ መልሼ አሰብኩት። ለካ «ክንድሽን ስጪኝ» ነበር ያልኳቸው! እቤት እናቴን «አንቺ» እያልኩ ስላደግሁ፣ በአያቴ ዕድሜ ያሉትንም «አንቺ» አልኳቸው። እሳቸው የከለከሉት መለኪያውን ሳይሆን እኔን ነበር።

በሚቀጥለው ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ «እማማ፣ ትናንት አጥፍቻለሁ፤ አማርኛዬን ያርሙኝ። ክንድዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። «ዛሬም ይቅርብኝ» አሉ። ግን «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ብዙ አወራን።

ታካሚ እምቢ የማለት መብት አለው። «አልፈቀዱም» ብሎ መጻፍም ትክክል ነው። ከመጻፌ በፊት ግን አሁን ራሴን እጠይቃለሁ፦ ምን ብዬ ነው የቀረብኳቸው?

ለውይይት፦
1. በሥራችሁ ወይም በትምህርታችሁ «እምቢተኛ» ያላችሁት ሰው ምን ምክንያት ሊኖረው ይችላል?
2. እኛ ውጭ ያደግን ልጆች «አንቱ» ማለትን ከማን እንማር?