የአሮጌ ሞተር ሳይክል ዋጋና የእውነት ሚዛን



የዛሬው ትምህርታችን ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ይነሣል። እግዚአብሔር እስራኤልን መሬት ሲሸጡና ሲገዙ እርስ በርሳቸው እንዳይበዳደሉ አዘዛቸው፤ ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን የዋጋውን ስሌት ጭምር ሰጣቸው። በሃምሳኛው ዓመት፣ በኢዮቤልዩ፣ መሬት ወደ ቀድሞ ባለቤቱ ስለሚመለስ ገዢው የሚገዛው እርሻውን ራሱን ሳይሆን እስከዚያ የሚሰበስበውን መከር ነበር። የቀሩት ዓመታት ከበዙ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ካነሱ ዝቅ ይላል (25፥14-16)።

ይህ ሥርዓት ለገበሬ ብቻ የተነገረ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል መሐል አድርገው፣ አንዱ እያሞገሰ ሌላው እያጣጣለ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎችም ጥያቄያቸው ያው ነው፤ ለዚህ ዕቃ ስንት መከር ቀርቶታል? ትክክለኛ ዋጋ ማለት ሁለቱም ያንኑ እውነት አውቀው የሚስማሙበት ዋጋ ነው። ይህን በአራት ክፍል እንመልከት።

አንደኛ፦ የሚሸጠው ምንድን ነው?

አሮጌ ሞተር ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። አንዱ የአገልግሎት ዋጋ ነው። ለምሳሌ የግብርና ባለሙያዎችና የእርዳታ ድርጅቶች በገጠር መንገድ ሲሠሩበት የኖሩት ያማሃ ኤጂ 100 ዕድሜው ቢገፋም ሰው ካደረሰ፣ ጭነት ከተሸከመ፣ መለዋወጫ ከተገኘለት ዋጋ አለው። ሁለተኛው የቅርስነት ዋጋ ነው። ይህ የሚመጣው ከጥንታዊነቱ፣ ከብርቅነቱና የፋብሪካ አካሉ ሳይለወጥ ከመቆየቱ ነው።

ስሕተት የሚበዛው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። «ይኼማ የጣሊያን ዘመን ዕቃ ነው» የሚል ቃል ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ ይመረመራል። የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ጦሩ ሞቶ ጉዚ፣ ጊሌራ፣ ቢያንኪና ቤኔሊ የሚባሉ ሞተሮች ነበሩት። ቬስፓ ግን ለገበያ የወጣው በ1938 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ቬስፓ አቅርቦ «ከወረራው ጊዜ የቀረ ነው» ቢል፣ ዋሽቶም ይሁን ተሳስቶ፣ በዚያ ወሬ ላይ የተጨመረው ብር ከእውነት ውጭ ነው። ያማሃ ዲቲ 1ም እንዲሁ ነው፤ በዓለም ገበያ የታየው በ1960 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተገዛ ነው ቢባል አይታመንም። ዓመተ ምሕረት ማወቅ የሐሰትን ዋጋ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፦ እውነቱን መመርመር

መጀመሪያ ወረቀቱ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በአካሉ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆን አለበት። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካለ ስለ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም፤ የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላልና ገበያው እዚያው ይቁም። ስም ለማዛወር የሚወጣው ወጪና ያልታደሰ ቦሎ ካለም ተቆጥሮ ይያዝ።

ቀጥሎ አካሉ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሊቆም፣ ሊቀየርም ይችላል፤ የእግር መርገጫው፣ የፍሬን ፔዳሉና የማርሽ መምቻው መበላት ግን ብዙ ይናገራል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርስ ጫፉ እንደ መንጠቆ ከታጠፈ ሰንሰለቱና ጥርሶቹ አብረው ይለወጣሉ። በመሪው አንገት ሥር የብየዳ ምልክት ካለ ሞተሩ ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል። የነዳጁን ጋን ከፍታችሁ ውስጡን በባትሪ እዩት፤ ዝገት ካለ ካርቡራተሩን ደጋግሞ ይደፍናል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በእጃችሁ ንኩት፤ ትኩስ ከሆነ ጠዋት በብርድ እንዴት እንደሚነሣ አላያችሁምና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ጭሱን ስትመለከቱ ዓይነቱን ለዩ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ተፈጥሮው ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ሞቆም ሰማያዊ ጭስ ካላቆመ ግን ዘይት ወደማይገባበት እየገባ ነው፤ ወጪው ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ለደጋ ሰው የሚገባ ልዩ ምክር አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እንኳ እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። ከቆላ፣ ለምሳሌ ከመተማ በኩል የመጣ ሞተር ካርቡራተሩ ለዚያ አየር የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ያጨሳል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ይህ በጥቂት ወጪ የሚስተካከል ነው። የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካው የመካኒኩ መሣሪያም በፋብሪካው መመሪያ ከተጻፈው ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳይ ሁሉ በሽታ አይደለም። ገዢው ይህን እያወቀ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ዋጋ ቢሰብር ሚዛን አጭበርብሯል። ሻጩም በተራው የፒስተን ቀለበት መበላቱን እያወቀ «ከፍታው ነው» ቢል ያው ኃጢአት ነው። ለመለየት፣ ከፒያሳ ዝቅ ካለችው ከአዘዞ ሽቅብ ሲመለስ ፈትኑት፤ እዚሁ ከተማ ከሚሠራ ተመሳሳይ ሞተር ጋርም አስተያዩት።

ሦስተኛ፦ ስሌቱ

ስሌቱ የሚጀምረው ተመሳሳይና ደኅና የሆነ ሞተር በቅርቡ በእርግጥ ከተሸጠበት ዋጋ ነው። ሻጮች የሚጠሩት ዋጋና የተከፈለው ዋጋ ይለያያሉና የተከፈለውን ጠይቁ። «በቅርቡ» ማለታችንም በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ አብሮ ይነሣል፤ ከዚያ በፊት የነበረ ዋጋ ለዛሬ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ለትምህርት ያህል ብቻ ቁጥር እንስጠው። ደኅናው 120,000 ብር ይሸጣል እንበል። የእኛው ሁለት ጎማ፣ ሰንሰለትና ጥርስ፣ የፍሪሲዮን ሸራም ይፈልጋል፤ ዕቃውና የእጅ ዋጋው 20,000 ብር ደረሰ እንበል። ዋጋው በ100,000 ብር ዙሪያ ይሆናል። አንዱን ጉድለት ሁለት ጊዜ መቀነስ አይገባም፤ የጎማውን ወጪ ቀንሶ ሲያበቃ «ደግሞም ጎማው አልቋል» እያለ የሚከራከር ገዢ ከባለቤቱ ኪስ ይወስዳል። ሻጩም ባለፈው ዓመት ለጥገና ያወጣውን ሁሉ መደመር የለበትም፤ ከዚያ ወጪ ዋጋ የሚሆነው ለገዢው የቀረው ጥቅም ብቻ ነው።

ቅርስነት ያለው ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። አዲስ ቀለምና የሌላ ሞተር ዕቃ ገጣጥሞ ማሳመር ለአገልግሎት ይጠቅም ይሆናል፤ በሰብሳቢ ዘንድ ግን የዛገውና የራሱ የሆነው ክፍል ከሚያብረቀርቀው ባዕድ ይበልጣል። የተለወጠው ሁሉ ለገዢው ይነገረው።

አራተኛ፦ የሁለቱ ወገን ዕዳ

ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ስንሰማ ሻጩን ብቻ እናስባለን። ሰሎሞን ግን በምሳሌ 20፥14 ገዢውን ይወቅሳል፤ ዕቃውን ሲያናንቅ ይቆይና ከሄደ በኋላ በገዛው ይመካል። ምላስም ሚዛን ነውና ማሳነሱ እንደ ማጋነኑ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና መግዛት የራሱ አንቀጽ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ገዢው እያወቀ በገዛው ጉድለት ግን ኋላ እንዲያማርር አይፈቅድለትም። ስለዚህ ጉድለቶቹን በውሉ ላይ መጻፍ ሁለቱንም ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ሻጩ ቤቱ ታማሚ አለበት፤ ዛሬውኑ መሸጥ ይፈልጋል። በግማሽ ዋጋ ብገዛው ምን አለበት?

መልስ፦ ጥሬ ብር በቶሎ ማቅረብ ጥቂት ቅናሽ ሊያስገኝ ይችላል። የሰውን ጭንቅ ዋጋ ማውረጃ ማድረግ ግን ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1710 እንኳ የሌላውን ችግር ወይም ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ምድራዊ ሕግ እዚህ ከደረሰ ክርስቲያን ከዚህ ማነስ የለበትም።

ጥያቄ፦ በማቴዎስ 13፥44 ያለው ሰው በሌላ ሰው እርሻ የተሰወረ መዝገብ አግኝቶ ሸሸገ፤ ለባለቤቱ ሳይናገር እርሻውን ገዛ። እኔስ ባለቤቱ ያላወቀውን ብርቅ ሞተር ዝም ብዬ ብገዛ?

መልስ፦ ምሳሌው የመጣው መንግሥተ ሰማያት ያለንን ሁሉ ሽጠን ልንይዛት የምትገባ መሆኗን ለማስተማር ነው፤ የገበያ ሥርዓት ሊደነግግ አይደለም። በሉቃስ 16 የተመሰገነው መጋቢም የተመሰገነው ስለ ብልሃቱ እንጂ ስለ ማጭበርበሩ አይደለም። ተምረህ፣ ደክመህ ባገኘኸው ዕውቀት መጠነኛ ትርፍ ብታገኝ አይነቀፍም። ሲጠይቅህ ግን አትዋሽ፤ ልዩነቱም ነገ ሲሰማ የሚያስለቅሰው ከሆነ ዛሬ ንገረው። ከነገርከው በኋላም ሊሸጥልህ ይችላል፤ ያን ጊዜ የገዛኸው በሰላም ነው።

ደላላ ካለ ኮሚሽኑን ሁለቱም ወገን አስቀድሞ ይወቅ። አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ቦታ ሲገዛ 400 ሰቅል ብር በሕዝብ ፊት መዝኖ ከፈለ (ዘፍ. 23)፤ በስውር የሚያዝ ትርፍ ግን ይህን መንገድ ይሸሻል።

እጅ ከመመታቱ በፊት ሁለታችሁም ይህን ጠይቁ፦ «በእርሱ ቦታ ብሆን፣ የማውቀውንም ሁሉ ባውቅ፣ በዚህ ዋጋ እስማማለሁን?» ለራሳችን እንዲደረግልን የምንወደውን ለሌላው ማድረግ (ማቴ. 7፥12) በገበያ ላይ ሲውል መልኩ ይህ ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ክፈሉ፤ ተረከቡ። «አይደለም» ከሆነ ያልነገራችሁትን ተናግራችሁ ስሌቱን እንደገና ጀምሩ።