የቆዩ መድኃኒቶች ዋጋና የመንግሥት የጤና ወጪ፦ የፌኒቶይን ጉዳይ በብሪታንያ

መግቢያ

በብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በሐኪም ማዘዣ የሚታደሉት አብዛኞቹ መድኃኒቶች ጄኔሪክ ናቸው። ዋጋቸውን የሚገታው በአምራቾች መካከል ያለው ፉክክር እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የሁለት መድኃኒቶች ዋጋ የሄደበትን ተቃራኒ አቅጣጫ በማነጻጸር፣ ይህ እምነት የሚሠራበትንና የሚከሽፍበትን ሁኔታ ይመረምራል።

የሁለቱ መድኃኒቶች ዋጋ

ኮሌስትሮል የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን የፓተንት ጥበቃው በሜይ 2012 አበቃ። ብዙ አምራቾች ወደ ገበያው ስለገቡ ዋጋው በከፍተኛ መጠን ወረደ።

ፌኒቶይን ግን የሚጥል በሽታን ለማከም ከ1938 ጀምሮ የሚታወቅ አሮጌ መድኃኒት ነው። በሴፕቴምበር 2012 ፋይዘር «ኤፓኑቲን» በሚል ስም ይሸጥ የነበረውን ካፕሱል የማከፋፈል መብት ለፍሊን ፋርማ አስተላለፈ፤ የንግድ ስሙም ቀረ። አምራቹ ያው ፋይዘር ሆኖ ሳለ፣ የአንድ ፓኮ ባለ100 ሚሊግራም ካፕሱል ዋጋ ከ2.83 ፓውንድ ወደ 67.50 ፓውንድ አሻቀበ። የጤና አገልግሎቱ ለዚህ መድኃኒት የሚያወጣው ዓመታዊ ወጪም ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ በ2013 ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አደገ።

የልዩነቱ ምክንያቶች

አንደኛው ምክንያት ሕክምናዊ ነው። በፌኒቶይን ፈዋሽ መጠንና ጎጂ መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በጥቂቱ ቢለዋወጥ ሕመምተኛው ዳግም ሊጥለው ወይም ሊመረዝ ይችላል። ስለዚህ በአንድ አምራች ምርት የተረጋጋ ሕመምተኛ በዚያው እንዲቀጥል ይመከራል፤ ርካሽ አማራጭ ቢመጣ እንኳ ወደዚያ ማዛወር አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አስተዳደራዊ ነው። በወቅቱ የዋጋ ቁጥጥሩ ያተኮረው የንግድ ስም ባላቸው መድኃኒቶች ላይ ሲሆን፣ የጄኔሪኮች ዋጋ ለገበያው የተተወ ነበር። በመሆኑም ስሙን ማንሳት መድኃኒቱን ከቁጥጥሩ አወጣው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን በ2016 በፋይዘር ላይ 84.2 ሚሊዮን፣ በፍሊን ላይ 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣለ። ኩባንያዎቹ ካፕሱሉ ቀድሞ በኪሳራ ይሸጥ እንደነበርና አዲሱ ዋጋም ከፌኒቶይን ታብሌት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ አለመሆኑን በመግለጽ ተከራከሩ። ውሳኔው በ2018 በይግባኝ ቢሻርም፣ ባለሥልጣኑ በ2022 በድጋሚ በድምሩ ወደ 70 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ቅጣት ወሰነ፤ ክርክሩም ወደ ይግባኝ ችሎት ተመለሰ። በ2017 የወጣው የሕክምና አቅርቦቶች ወጪ ሕግ ደግሞ መንግሥት በጄኔሪኮች ዋጋ ላይ ጣልቃ የሚገባበትን ሥልጣን አጠናከረ።

ማጠቃለያ

የመድኃኒት ወጪን የሚወስነው የፓተንት ዘመን ማብቃት ብቻ አይደለም፤ ሕመምተኛው አማራጭ ያለው መሆኑም ጭምር ነው። አማራጭ ባለበት ፉክክር ዋጋን ያወርዳል፤ በሌለበት ግን የሕመምተኛው ጥገኝነት የሻጩ ጉልበት ይሆናል። ቅጣት የሚመጣው ገንዘቡ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ አምራቻቸውን መቀየር የማይቻልባቸውን የቆዩ መድኃኒቶች አስቀድሞ ለይቶ ዋጋቸውን መከታተል፣ የሕዝብን ገንዘብ ለመጠበቅ ከቅጣት የቀደመ መንገድ ነው።