ዳገት ላይ ለሚፈላ አሮጌ ናፍጣ ፒክአፕ፦ ማቀዝቀዣውንና የመጎተት አቅሙን በአነስተኛ ወጪ ማሻሻል

ምክሩ የሚመለከታቸው፦ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ፒክአፕ ያላቸው አርሶ አደሮች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ሾፌሮቻቸው። ባለ 2.8 እና ባለ 3 ሊትር ሂሉክስ እንዲሁም ባለ 4.2 ሊትር ላንድክሩዘር ፒክአፕ ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

ሥራው የሚሠራበት ጊዜ፦ የመኸር ምርት መጓጓዝ ከመጀመሩ በፊት፣ በጥቅምት ወር።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

ከምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀንን ሲያልፍ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ታች አየሩ ይሞቃል፣ ላይ ደግሞ ይሳሳል። ተሳቢ የሚጎትት አሮጌ ፒክአፕ የሚፈተነው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚያገኘው በራሱ ስቦ ብቻ ነው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። አየር ሲቀንስ በደንብ ሊቃጠል የሚችለው ናፍጣም ይቀንሳል። ስለዚህ «መኪናው ጉልበት አጣ» ብሎ የፖምፓውን ብሎን በማዞር ናፍጣ ማስጨመር ጉዳቱ ያመዝናል። ትርፉ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ፒስተንና ቴስታታ ከልክ በላይ ይሞቃሉ፤ ራዲያተሩም ሊሸከመው የማይችለው ሙቀት ይጫንበታል።

ደጋ ላይ በርካሽ የሚገኘው ጉልበት ከሞተሩ እየባከነ ያለው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሥራዎች ከነጻው ወደ ውዱ በቅደም ተከተል ቀርበዋል። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ሀ. ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች

1. ራዲያተሩን እጠቡ። በአውድማና በአቧራማ መንገድ የሚውል መኪና እብቅ፣ ገለባና ነፍሳት በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይሰገሰጉበታል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ቆሻሻው በገባበት መንገድ ተመልሶ እንዲወጣ፣ ኃይሉ ባነሰ ውሃ እጠቡ። ከባድ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋል። ኤር ኮንዲሽነር ያለው መኪና ከሆነ በሁለቱ ራዲያተሮች መካከል የተጠራቀመውንም አትርሱ።

2. የአየሩን መግቢያ ክፈቱ። ግሪሉ ላይ የታሰረ ትርፍ መብራት፣ ጀሪካን ወይም ሸራ ካለ አንሱ።

3. ቺንጋውን ፈትሹ። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል፤ የውሃ ፖምፓውና ማራገቢያው በሚገባቸው ፍጥነት አይዞሩም። የተሰነጣጠቀ ከሆነ ይቀየር።

4. የአየር ማጣሪያውን አጽዱ። በቀስታ አራግፉት፤ ኮምፕሬሰር ካለ ባነሰ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉበት። ወረቀቱ ከተቀደደ ወይም ዘይት ከነካው አይሠራም። በመኸር ወቅት በየሳምንቱ እዩት።

5. የናፍጣ ፊልትሮውን ውሃ አፍስሱ። ብዙዎቹ ፊልትሮዎች ሥራቸው ላይ ውሃ ማስወጫ ብሎን አላቸው። በበርሜል ያቆያችሁት ናፍጣ ሳይነካ አንድ ሌሊት ይደር፤ ከላይ ከላይ ብቻ ቅዱ።

6. የሚይዝ ፍሬን ፈልጉ። ፍሬን ብዙ ሳትነኩ ሜዳ ላይ ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ አስጠጉ። ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥለው ጎማ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ የሞተሩን ጉልበት ቀኑን ሙሉ ይበላል። የጎማ ንፋስም በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው መጠን ይሞላ።

ለ. በትንሽ ወጪ የሚሠሩ

7. የራዲያተሩን ክዳን ቀይሩ። 2,400 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለው መኪና ግን ደጋ ላይ ያለ ምንም ሌላ ብልሽት ሊፈላ ይችላል። ሲቀየር በላዩ የተጻፈው ግፊት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሁን።

8. ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ አትጣሉ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን የውሃ መንገድ ይዘጋል። ከሌለ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ከውሃው ገሚሱ ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ሞተሩም ጭነት ላይ ይብስበታል። ይልቅ ፈትሹት፦ በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥላችሁ አሙቁት። 82 ተብሎ የተጻፈበት ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ደጋ ላይ በድስት ውሃ ሙሉ መከፈቱን ላታዩ ትችላላችሁ፤ በዚህ ብቻ ተበላሸ አትበሉ። ጭራሽ ካልተከፈተ ቀይሩት።

9. የጉድጓድ ውሃ አትጨምሩ። ጨዋማ ውሃ በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። ንጹሕ የባትሪ ውሃ፣ ካልተገኘም ቆርቆሮው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከታጠበ በኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ። ከኩላንት ጋር እኩል በእኩል አዋሕዱት። ቀድሞ የተዋሐደ ኩላንት ከገዛችሁ ግን ውሃ አያስፈልገውም።

10. የማራገቢያውን መከለያ መልሱ። በጥገና ጊዜ ወልቆ ጋራዥ ጥግ የቀረ መከለያ ብዙ ነው። ያለ እሱ ማራገቢያው በራዲያተሩ በኩል ከመሳብ ይልቅ በዙሪያው ያለውን የሞተር ትኩስ አየር ያሽከረክራል። ዋናው ከጠፋ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሊሠራው ይችላል፤ የማራገቢያውን ጫፍ እንዳይነካ ብቻ ክፍተት ይተው።

ሐ. ለጋራዥ የሚተዉ

ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ መኪናው አሁንም ከሞቀ መካኒኩ ሦስት ነገሮችን ይይ።

መጀመሪያ የማራገቢያው ክላች። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ማራገቢያውን በእጅ ስታሽከረክሩት ያለ ምንም እምቢታ የሚዞር ከሆነ በውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል ማለት ነው። በአንዳንዶቹ ዘይቱ ብቻ ይሞላል።

ሁለተኛ የራዲያተሩ ውስጥ። የመዳብ ራዲያተር ከሆነ ጠጋኙ የላዩን ታንክ ከፍቶ ቱቦዎቹን በዘንግ ሊያጸዳቸው ይችላል፤ ይህ አዲስ ከመግዛት ይረክሳል። የአሉሚኒየም ራዲያተር ላይ ጠንካራ አሲድ አይፈሰስ።

ሦስተኛ ኢንጀክተሮቹ። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ናፍጣ ያባክናል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ጉልበት ይቀንሳል። ግፊታቸውና ርጭታቸው በመሞከሪያ ይታይ። በዚያው የናፍጣ ፖምፓው ጊዜ አሰጣጥ ይስተካከል፤ የተጨፈለቀ የጭስ ቧንቧ ካለም ይቀየር።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ ውሃው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ተበልቷል። እሱ ሳይሠራ ለሌላ ነገር ገንዘብ አታውጡ። ቱርቦ ማስገጠም ርካሽ መንገድ አይደለም፤ ላልተዘጋጀለት ሞተር ደግሞ አደጋ አለው።

መ. ጭነትና አነዳድ

ብዙ አምራቾች ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚያስቀምጡት ወሰን 750 ኪሎ ነው፤ የተሳቢው የራሱ ክብደትም ይቆጠራል። ተሳቢው ባዶውን 250 ኪሎ ከመዘነ የሚጫንበት 5 ኩንታል ብቻ ነው። የመኪናችሁ መመሪያ ከዚህ ያነሰ ከጻፈ እሱን ተከተሉ።

ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መጎተቻው ላይ ይረፍ። ለ750 ኪሎ ይህ ከ75 እስከ 110 ኪሎ ነው። የማኅበሩን የእህል ሚዛን ከመጎተቻው ሥር አድርጋችሁ መመዘን ትችላላችሁ። ከዚህ ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ ከበዛ የመኪናውን ፊት ያነሣል።

ዳገት ላይ ሞተሩ እያቃሰተ በከፍተኛ ማርሽ አትግፉት። የነዚህ ሞተሮች ትልቁ የመሳብ ጉልበት በደቂቃ ከ2,200 እስከ 2,400 ዙር አካባቢ ነው፤ የውሃ ፖምፓውና ማራገቢያውም ከሞተሩ ጋር ይፈጥናሉ። ስለዚህ ቀድማችሁ ማርሽ ቀንሱ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ አትርገጡ። ጥቁር ጭስ ካያችሁ እግራችሁን አላሉ። ከአምራቹ ልክ የሚበልጥ ጎማ የገጠመም ማርሹን እንዳከበደ ይወቅ፤ ወደ ልኩ መመለስ የመጎተት አቅም ይመልሳል። ቁልቁለቱን ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻውን አይበቃም።

ሠ. መርፌው ወደ ቀይ ሲጠጋ

ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፉ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ማርሽ ቀንሱ። ካልወረደ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ውሃው ካልፈሰሰ ሞተሩን ሳታጠፉ በባዶ ማርሽ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ውሃ ከፈሰሰ ወይም እንፋሎት ከወጣ ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን በትኩሱ አትክፈቱ። ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ረ. ስለ ኩላንት ጥንቃቄ

አብዛኛው ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነም ውሻና ከብት ይልሱታል። ስትቀይሩ በዕቃ ተቀበሉ፤ በማሳ፣ በምንጭ ወይም በከብት መጠጫ አጠገብ አታፍስሱ። ጀሪካኑንም ለመጠጥ ውሃ አትጠቀሙበት።

ሰ. የጊዜ ሰሌዳ

በየቀኑ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፦ ውሃ፣ ዘይት፣ ቺንጋ።
በየሳምንቱ፣ በመኸር ወቅት፦ የራዲያተር ክንፎች፣ የአየር ማጣሪያ፣ የፊልትሮ ውሃ፣ የጎማ ንፋስ።
በየዓመቱ፣ በጥቅምት፦ ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ጎማ ቱቦዎች፣ የማራገቢያ ክላች።
በየሁለት ዓመቱ፦ ኩላንት።

ብዙ መኪና ያለው ማኅበር ክዳን፣ ቺንጋና ፊልትሮ በጋራ ቢገዛ ዋጋው ይቀንስለታል፤ ጥራቱንም ለመምረጥ ይመቸዋል። እነዚህ ሁሉ ተሠርተው መኪናው ጭነቱን ካልቻለ በሁለት ምልልስ ከፋፍላችሁ አጓጉዙ፤ የአንድ ተጨማሪ ጉዞ ናፍጣ ከአንድ ቴስታታ ይረክሳል።