ሕግ ተምረው ያለ ፍርድ የሞቱት ጠቅላይ ሚኒስትር

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን መጀመሪያ ጠበቃ እንደነበሩ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በእኛ አገርስ ሕግ ተምሮ ወደ ፖለቲካ የገባ ትልቅ ሰው ማን አለ? እኔ ዛሬ ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ እጽፍላችኋለሁ።

አክሊሉ በ1904 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። እሳቸው ግን ግብፅ፣ እስክንድርያ በሚገኝ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ተማሩና ከዚያ ፓሪስ ሄደው ሕግ አጠኑ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ እዚያው ፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ይሠሩ ነበር። ሌጋሲዮን ማለት እንደ ኤምባሲ ያለ መሥሪያ ቤት ነው።

አገራችን ነጻ ከወጣች በኋላ የውጭ ጉዳይ ሥራ ተሰጣቸው። በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲመሠረት ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክለው ተከራከሩ። አስቡት እንግዲህ፣ ያ የወረረን ጣሊያን አሁን ተሸንፎ እዚያው ጉባኤ ላይ ነው! በመጨረሻ ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍል በውሉ ተጻፈ። አርበኞቻችን በጠመንጃ ያሸነፉትን እሳቸው በወረቀት አጸኑት ማለት ይቻላል። ስለ ኤርትራም ለዓመታት ተከራክረዋል። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ በ1943 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ወሰነ።

ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እዚህ ላይ ግን ማሞገስ ብቻ አይበቃም። ያ የደከሙበት ፌዴሬሽን የፈረሰው በእሳቸው ጊዜ ነው፣ ከዚያም ረጅም ጦርነት ሆነ። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ሲጮኹ፣ ወሎም በረሀብ ሲያልቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ሕዝቡ ቢጠይቃቸው ተገቢ ነው።

ታዲያ ጥያቄው መመለስ የነበረበት ፍርድ ቤት ነው። በየካቲት 1966 ከሥልጣን ወረዱ፣ ቆይተው ታሰሩ። ነገሩን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ስለነበር አክሊሉ እስር ቤት ሆነው የሠሩትን ሁሉ ጻፉ። ጽሑፉ በኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ተብሎ ታትሟል። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፤ ሕግ የተማረ ሰው ስለሆኑ ፍርድ ፊት ቀርበው መልስ ለመስጠት እየተዘጋጁ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ደርግ ያለ ፍርድ 60 ያህል ሰዎች አስገደለ። አክሊሉ አንዱ ነበሩ፣ 62 ዓመታቸው ነበር። ወንድማቸው አካለወርቅም አብረዋቸው ተገደሉ። ታላቅ ወንድማቸው መኮንን ደግሞ በ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ቀደም ብለው ተገድለዋል። ሦስት ወንድማማቾች፣ ሦስቱም ያለ ፍርድ!

የተገደሉበት ከርቸሌ አሁን የለም፣ ፈርሷል። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በታክሲ ስትሄዱ የምታዩት ያ ረጅሙ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የተሠራው በዚያ ቦታ ላይ ነው።