የቆመች መኪናን ማስነሣት፦ የሥራ ቅደም ተከተል አገላለጽ

አንድን የሥራ ሂደት በጽሑፍ ስታስረዱ ከቃላት ማማር ይልቅ የቅደም ተከተሉ መቃናት ይበልጣል። ቅደም ተከተሉ የተዛባ እንደ ሆነ አንባቢው ንብረቱን ሊያበላሽ፥ አልፎም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

በአርባ ምንጭ ከተማ፥ በአንድ ግቢ ውስጥ፥ ከዛፍ ሥር ለዓመታት የቆመች ቮልስዋገን አለች እንበል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእንዲህ ያለች ቮልስ ነበር። የዚህ ዓይነት መኪና ምርት በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ስላበቃ፥ የቀሩትን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

የቮልስ ሞተር ከኋላ የሚገኝ ሲሆን የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሞተሩ ክፍል ተከፍቶ ደረቅ ቅጠልና የአይጥ ጎጆ ይጠረጋል፤ የአየሩ መተላለፊያ ከተዘጋ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላልና። ቀጥሎ አሮጌው ቤንዚን ተቀድቶ ይወጣል፤ ቤንዚን ብዙ ሲቆይ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ፈጥሮ ካርቡራተሩን ይደፍናል። የተሰነጣጠቁ የቤንዚን ቱቦዎችም ይለወጣሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን እሳት ያስነሣል። የሞተሩም ዘይት ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይንጠባጠባል፤ ሞተሩም በእጅ በቀስታ ይዞራል። ዝገት የያዘውን ፒስተን በጉልበት ማስነሣት ሞተሩን ይሰብራል። ሞተሩ ያለ ችግር ከዞረ ካንዴላዎቹ ተመልሰው፥ አዲስ ቤንዚን ተሞልቶ፥ ባትሪ ተገጥሞ ይነሣል።

ሞተሩ ተነሣ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም የፍሬኑን ሲሊንደሮች ያዝጋል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። የወጣም መውረዱ አይቀርም፤ ቁልቁለት ላይ የፍሬንን ጉድለት ማወቅ ደግሞ የረፈደ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ፍሬኑና ጎማዎቹ ሳይመረመሩ መኪናዪቱ ከግቢ አትወጣም።

ማብራሪያ

«ተከፍቶ»፥ «ተቀድቶ»፥ «ተገጥሞ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። በዚህ ምንባብ፥ ድርጊቱ በማሰሪያ አንቀጹ ከሚነገረው ድርጊት ቀድሞ መፈጸሙን ያመለክታሉ። የሚከተሉትን አነጻጽሩ፦

ሀ. ፍሬኑ ተመርምሮ መኪናዪቱ ተነዳች።
ለ. መኪናዪቱ ተነድታ ፍሬኑ ተመረመረ።

በሁለቱም የተነገሩት ድርጊቶች አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ተራቸው ብቻ ነው። የ«ሀ» ሹፌር መኪናውን አምኖ ይነዳል፤ የ«ለ» ሹፌር ግን የሚነዳው በዕድሉ ነው።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱ ቃላትንና ሐረጎችን አውጥታችሁ ጻፉ።
2. ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በእጅ የሚዞረው ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ ከሚሠሩ ሥራዎች አንዱን፥ ለምሳሌ የዶርዜን የሽመና ሥራ፥ ባለሙያ ጠይቃችሁ በሦስት አንቀጽ ግለጹ። አንድ ደረጃ ቢዘለል የሚደርሰውንም ጉዳት አመልክቱ።