ድንጋይ የምትቆጥረው መኪና፦ የጎማና የቸርኬ ፊዚክስ በአርሲ መንገዶች

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል እናታችንን ከሳጉሬ አለፍ ብሎ ከሚገኘው የገጠር ቤታቸው ወደ አሰላ ሐኪም ቤት ማመላለስ ነበረብን። ሕመማቸው የወገብ ነው፤ ሐኪሙም መንገጫገጭ እንደማይስማማቸው አስጠንቅቆናል። ያለን መኪና ግን አንዲት አሮጌ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ዋናው አስፋልት ላይ እስክንወጣ ድረስ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ነው፤ አሰላ ከገባንም በኋላ ያቋረጥነው የውስጥ መንገድ በኮብልስቶን የተነጠፈ ነበር። እናታችን በኋላ ወንበር ተቀምጠው ብዙ ከታገሡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህች መኪናህ እኮ ድንጋዩን አንድ ሳታስቀር ትቆጥረዋለች» አሉን።

ይህ አነጋገር ለፊዚክስ መምህር ከቅሬታም በላይ ነው፤ ጥያቄ ነው። መኪናዋ ድንጋይ የምትቆጥረው በምንዋ ነው? በሞላዋ፣ በአሞርዛቶሪዋ፣ ወይስ በጎማዋ? ከሦስቱ አንዱን ብቻ ለመለወጥ የሚበቃ ገንዘብ ላለው ሰው የጥያቄው መልስ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመኪናዋ ወርደን ጎማውን ስንመለከት 195/45 አር 16 የሚል ጽሑፍ አነበብን። በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ የተለጠፈው የአምራቹ ወረቀት ደግሞ፣ ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ለሁሉም ግልጽ ነውና፣ 175/65 አር 14 ይላል። መኪናዋን የሸጠልን ሰው «ውበት ጨምሬላታለሁ» ሲለን የነበረው ይህንኑ ኖሯል።

እነዚህን ቁጥሮች ማንበብ ለማንኛውም ተማሪ የሚጠቅም ዕውቀት ስለሆነ ጥቂት እንቆይባቸው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎማው ጎን ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። «አር» ጎማው ራዲያል መሆኑን ያመለክታል። የመጨረሻው ቁጥር የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። እንግዲህ የፋብሪካው ጎማ የጎን ቁመት የ175 ስልሳ አምስት በመቶ፣ ማለትም 114 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሻጩ የገጠመው ጎማ ግን የ195 አርባ አምስት በመቶ ነውና 88 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የውጭውን ዲያሜትር ስናሰላ ደግሞ የመጀመሪያው 583፣ ሁለተኛው 582 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱ ጎማዎች ከሩቅ ሲታዩ እኩል ናቸው፤ የፍጥነት መለኪያውም አይዛባም። የተለወጠው ውስጡ ነው። አየር ይዞት የነበረውን 26 ሚሊ ሜትር አሁን ብረት ይዞታል።

ጎማ በአየር እንዲሞላ የተደረገውም ለምቾት ሲባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ቤልፋስት ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በአየር የተነፋ ጎማ ሠራ፤ በተከታዩም ዓመት የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሐሳቡ ግን ከእርሱ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1845 በሌላው ስኮትላንዳዊ በሮበርት ቶምሰን ተመዝግቦ ነበር። የቶምሰን ዘመን ብስክሌትም ሆነ አውቶሞቢል ገና ያልተስፋፋበት በመሆኑ ፈጠራው ተረስቶ ቀረ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ከአራቱ የመኪናዋ ማዕዘኖች አንዱን ብቻ እንውሰድ። ከላይ የመኪናው አካልና የተሳፋሪው ድርሻ አለ፤ 270 ኪሎ ግራም እንበለው። ከሥሩ ሞላው አለ። ከሞላው ሥር ጎማው፣ ቸርኬውና ፍሬኑ አሉ፤ 30 ኪሎ ግራም ይሁኑ። ከሁሉም በታች አየር የተሞላው ጎማ ራሱ እንደ ሌላ ሞላ ሆኖ መሬቱን ይረግጣል። በሁክ ሕግ መሠረት የብረቱ ሞላ ጥንካሬ በሜትር 20,000 ኒውተን፣ የ14ቱ ጎማ 180,000፣ ጎኑ አጭር የሆነው የ16ቱ ጎማ ደግሞ 220,000 እንበል። እነዚህ ቁጥሮች ለእንዲህ ያለች ትንሽ መኪና የሚቀርቡና ለስሌት የሚመቹ ግምቶች ናቸው።

ሁለት ሞላዎች አንዱ በሌላው ላይ ሲደረደሩ የጋራ ጥንካሬያቸው ከደካማው ያንሳል። በ14ቱ ጎማ የጋራው ጥንካሬ 18,000 ይሆናል፤ በ16ቱ 18,333። ከዚህ የመኪናው አካል የሚወዛወዝበትን ድግግሞሽ ብናሰላ በመጀመሪያው 1.30 ሄርዝ፣ በሁለተኛው 1.31 ሄርዝ እናገኛለን። ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም! እዚህ ላይ ብንቆም ኖሮ ለእናታችን «ጎማው ምንም አላደረገም» ብለን እንመልስላቸው ነበር። ወረቀት ላይ ያለው ሒሳብና የሰው ወገብ ሲጣሉ ግን ሒሳቡ የዘነጋው ነገር እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

የተዘነጋው ጊዜ ነው። ከላይ ያሰላነው መንገዱ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ሲል የሚሆነውን ነው። መኪናዋ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 10 ሜትር እየሄደች የአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የአስፋልት ጠርዝ ብታገኝ፣ ጎማው መሬቱን የሚነካበት 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ጠርዙን የሚያልፈው በሴኮንድ መቶኛ ገደማ ነው። ጎማው ከነቸርኬው አንድ ጊዜ ወጥቶ ለመውረድ ግን 8 መቶኛ ሴኮንድ ይፈልጋል፤ የራሱ ድግግሞሽ 12 ሄርዝ ገደማ ነውና። እንግዲያው ጠርዙ ሲመታው 30 ኪሎ ግራሙ በኢነርሺያው ምክንያት ባለበት ይቆያል፤ ከላይ ያለው ሞላም የሆነውን ገና አልሰማም። አንዱን ሴንቲ ሜትር ብቻውን የሚውጠው ጎማው ነው። በ14ቱ ጎማ የሚፈጠረው ተጨማሪ ኃይል እስከ 1,800 ኒውተን፣ በ16ቱ እስከ 2,200 ኒውተን ይደርሳል። ልዩነቱ 400 ኒውተን ነው። በአንድ ጎማ ላይ፣ በእያንዳንዱ ጠርዝ፣ አንድ የ40 ኪሎ የስንዴ ከረጢት በድንገት እንደ መጫን ማለት ነው።

በዚህ መሠረት ሥራው ተከፋፍሏል። ረጅሙንና ቀስ ያለውን ጉድጓድ ሞላውና አሞርዛቶሪው ይሸከማሉ፤ አጭሩንና ፈጣኑን ጠጠር ጎማው ይሸከማል። ጎማ በመለወጥ የመኪናን መንገጫገጭ አስወግዳለሁ የሚል ሰው የትኛውን መንገጫገጭ ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ መለየት አለበት።

ኮብልስቶኑን እንመልከት። አራት ሰዎች የጫነች ትንሽ መኪና በአንድ ጎማዋ ላይ 3,000 ኒውተን ያህል ታሳርፋለች። የጎማው ግፊት 30 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ማለትም 207 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ ኃይሉን ለግፊቱ ስናካፍል 145 ካሬ ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። መኪናዋን ከመሬት ጋር የሚያገናኛት ከመዳፋችን ብዙም የማይበልጥ ቦታ ነው። ጠባቡ ጎማ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢረግጥ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሰፊው ጎማ በዚያው ግፊት 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስለሚረግጥ ርዝመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። የኮብልስቶኑ ድንጋይ ጎን ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው! ረዘም ያለው አረጋገጥ ሁልጊዜ ከአንድ ድንጋይ በላይ ላይ ስለሚያርፍ መጋጠሚያውን እንደ ድልድይ ይሻገረዋል፤ አጭሩ ግን በየመጋጠሚያው ይወርዳል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ይህ በሴኮንድ 55 ጊዜ ይደጋገማል። እናታችን «ትቆጥራለች» ያሉት ቃል በቃል ትክክል ነበር።

ጎማ የማይፈታው ችግርም አለ፤ ፒስታ መንገድ ላይ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የሚሸበሸበው መሬት ነው። ሽብሽቦውን የሚፈጥሩት ራሳቸው ጎማዎች በመሆናቸው ግሬደር ቢያስተካክለውም ተመልሶ ይመጣል። ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ስንሄድ ጎማው በሴኮንድ 12.5 ጊዜ ይመታል። ይህ ከላይ ያየነው የጎማው የራሱ ድግግሞሽ ነውና ሬዞናንስ ይፈጠራል፤ መኪናዋ የምትበታተን ይመስላል። ብዙ ሾፌሮች ከ60 በላይ በመንዳት «መንሳፈፍ» ይመርጣሉ። እውነትም ያኔ ወንበሩ ጸጥ ይላል፤ ነገር ግን ጎማው ብዙውን ጊዜ አየር ላይ ስለሆነ መሪም ፍሬንም በቅጡ አይታዘዝም። ፍጥነቱን ወደ 15 ዝቅ ብናደርገው ደግሞ ምቱ 5 ሄርዝ ገደማ ይሆናል። የተቀመጠ ሰው አካል ወደ ላይና ወደ ታች በሚያናውጥ ንቅናቄ ይበልጥ የሚረበሸው ከ4 እስከ 8 ሄርዝ ባለው ክልል ነው፤ የአከርካሪ አጥንትም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። ወገቡን የሚያመው ሰው የጫነ ሾፌር እንደ እግረኛ ከመሄድ በቀር አማራጭ የለውም። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ከኋላችን የተሰለፉት ባጃጆች ምን እንዳሉን አልሰማንም።

ስለ ነፋሱም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ በአርሲ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነውና። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር፣ አሰላ ደግሞ 2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ብቻ ነው። የውጭው ግፊት አዳማ ላይ 83፣ አሰላ ላይ 75 ኪሎ ፓስካል ያህል ስለሆነ፣ ሽቅብ በመውጣት ብቻ መለኪያው አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ግን በተቃራኒው ይሠራል። ከሰዓት በኋላ በ30 ዲግሪ ሙቀት አዳማ ላይ 30 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ጎማ፣ በማግሥቱ ማለዳ አሰላ ላይ በ10 ዲግሪ ቢለካ ስንት ያሳያል? የጌይ-ሉሳክን ሕግ በኬልቪን እንጠቀም። 207 እና 83 ተደምረው 290 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በ283 አባዝተን ለ303 ስናካፍለው 271 ይሆናል፤ ከዚህ 75 ሲቀነስ 196 ኪሎ ፓስካል ይቀራል። ይህም 28.4 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ብርዱ ከፍታውን አሸንፎታል። የጎማ ግፊት በማለዳ፣ መኪናው ሳይነዳ መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

ምቾት ለማግኘት ሲባል ግፊቱን አምራቹ ከጻፈው በታች ማውረድ ግን አደገኛ ነው። በሚገባ ያልተነፋ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ ከአሰላ ወደ መልካሳ ቆላ ስንወርድ ደግሞ የአየሩ ሙቀት ይጨመርበታል። በአንጻሩ አንዳንድ ጎሚስታዎች «ይጠንክር» በማለት እስከ 40 ይነፋሉ። የእኛም ጎማ 40 ነበር! የጎማ ጥንካሬ በአብዛኛው ከውስጡ ግፊት ጋር ስለሚጨምር፣ ያለ አንዳች ወጪ የተገኘው የመጀመሪያው መፍትሔ ነፋሱን አምራቹ ወደ ጻፈው ልክ መመለስ ሆነ።

ቀጥሎ የፋብሪካውን ልክ ባለ 14 ኢንች የብረት ቸርኬ ከጎማው ጋር አፈላልገን አገኘን። የብሎኑ ቀዳዳ አራት፣ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክብ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ ቸርኬው ፍሬኑን አለመንካቱንም አረጋገጥን። በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት የምርት ቁጥሮችም አነበብን፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ያረጀ ላስቲክ ይደርቃል፤ ደርቆ የቆየ ጎማ ጎኑ ረጅም ቢሆንም እንኳ የሚጠበቅበትን አይሠራም። ወጣቱ ጎሚስታ ግን በሥራችን አልተደሰተም። «ጋሼ፣ 14 ካደረጉባትማ የድሮ ታክሲ ነው የምትመስለው» አለን። አልተሳሳተም። ለማሳመን ያህል ሁለቱን ጎማዎች ከነቸርኬያቸው በአጠገቡ ባለው የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ አስቀመጥናቸው፤ የሚያብረቀርቀው አሉሚኒየም ከብረቱ ከብዶ ተገኘ። አሉሚኒየም ሁሉ ቀላል ነው የሚለው እምነት በርካሽ ቸርኬ ላይ አይሠራም። የጎማው ክፍል በከበደ መጠን ደግሞ ሞላው እርሱን ተከትሎ ለመቆጣጠር ይቸገራል።

በመጨረሻም እናታችንን ወደ ፊት ወንበር አዛወርናቸው። በዚህች መኪና የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 2.37 ሜትር ብቻ ነው፤ የኋላው ወንበር ከኋላ አክስል ላይ ተቃርቦ የተቀመጠ ሲሆን፣ የፊተኛው ግን በሁለቱ መካከል ስለሆነ ከሁለቱም ምት ይርቃል። ለዚህ ብርም ጎሚስታም አላስፈለገም። ቀድሞ ያልታየን መሆኑ ያሳፍራል።

በሁለተኛው ጉዞ ኮብልስቶኑን ስናቋርጥ እናታችን ዝም አሉ። ቦይ ባቋረጠው መንገድ ላይ መኪናዋ ወርዳ ስትነሣ ግን የበሩን እጀታ ጨብጠው፣ «አሁን ደግሞ ትላልቁን ብቻ ነው የምትቆጥረው» አሉን። ትላልቁ የሞላውና የአሞርዛቶሪው ድርሻ ነው፤ የኋላው ግራ አሞርዛቶሪ ዘይት ማፍሰስ መጀመሩንም ያየነው በዚያው ቀን ነበር።